የሞዴሊንግ ውድድር ቡድን ስለማዘጋጀት ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ለዓለም አቀፉ የሒሳብ ሞዴሊንግ (የገሃዱን ዓለም ጉዳይ በሒሳብ ቀርጾ የመመርመር) ውድድር በሒሳብ ጎበዝ የሆኑትን ሦስት ተማሪዎች ብንመርጥ አይበቃም?

አይበቃም። ኮማፕ የተባለው የአሜሪካ የሒሳብ ትምህርት ድርጅት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያካሂደው በዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ዳኛው የሚያየው ከ25 ገጽ የማይበልጠውን ጽሑፍ ሲሆን፣ በቅድሚያ የሚያነበውም የአንድ ገጹን ማጠቃለያ ነው። ቡድኑ ከሦስት ተማሪ ስለማይበልጥ አንዱ ስሌቱን፣ ሌላው የኮምፒውተር ኮዱን ቢይዙ ሦስተኛው የግድ ጸሐፊ መሆን አለበት። እኔ የፈተና ውጤት ከመጠየቄ በፊት አንድ ገጽ አስጽፋለሁ።

ከቡሬ፦ ልምምዱን በምን እንጀምር?

በደጃችሁ ባለ ጉዳይ ጀምሩ። እኔ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን እየወረረ ያለውን እምቦጭ እሰጣለሁ። በአንድ ወቅት ተማሪዎቼን «በየ14 ቀኑ እጥፍ የሚሆን አንድ ሄክታር እምቦጭ የት ይደርሳል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ እጥፉን እየደረደሩ ሄደው በ19ኛው ዙር፣ ማለትም በ266ኛው ቀን፣ ከ524 ሺህ ሄክታር በላይ አገኙ። ሐይቁ ግን ሦስት መቶ ሺህ ሄክታር ገደማ በመሆኑ፣ በእነሱ ስሌት እምቦጩ ከውኃው ወጥቶ የባሕር ዳርን አስፋልት ይዟል ማለት ነው። ከሳቁ በኋላ «ታዲያ ምን ያስቆመዋል?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ትምህርቱም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ፣ ነፋሱንና የገበሬውን ነቀላ አንድ በአንድ ጻፉ፤ እድገቱንም ገና ባልተያዘው ቦታ ድርሻ አባዙት፤ በመጨረሻም 14ቱን ቀን አንድ ጊዜ በ10፣ አንድ ጊዜ በ20 ተክተው ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ አዩ። የመነሻ ግምቱን በግልጽ ያልጻፈና ያልፈተነ ቡድን፣ ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ዳኛውን አያሳምንም።

ከሞጣ፦ ከመረጃ ጋር በተያያዘ ምን ስህተት አጋጥሞዎታል?

የዘመን አቆጣጠር። ለግልገል ዓባይ ወንዝ ልምምድ የዝናቡ ሠንጠረዥ በእኛ፣ የፍሰቱ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነበር፤ ልጆቹ ግን የወሩን ቁጥር ብቻ አይተው አንደኛውን ከአንደኛው ጋር አጣመሩ። መስከረም ከጃንዋሪ ጋር ገጠመና ወንዙ ዝናቡ ሳይጥል ከወራት በፊት የሚሞላ ሆነ። የሚያናድደው፣ ስህተቱን ልታጋልጥ የምትችለውን 13 ቁጥር ያላትን የጳጉሜን መስመር አንደኛው ልጅ ትርፍ መስላው ሰርዟታል። ከዚያ ወዲህ መረጃ ሳይሣል አይሰላም ብያለሁ፤ በግራፍ ቢያዩት ኖሮ ወዲያው ይነቁ ነበር።

ከዳንግላ፦ በውድድሩ ወቅት አሠልጣኙ ምን ሊረዳ ይችላል?

ስለ ጥያቄው ምንም። የውድድሩ ጥያቄ ከተለቀቀ በኋላ ቡድኑ ከውጭ ሰው ጋር መመካከር አይፈቀድለትም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሰዓቱስ እንዴት ይታሰባል?

በቅርብ ዓመታት የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን፣ የሚያበቃው ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ልምምድ በዚሁ ሰዓት ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ይካሄድ፤ የእንቅልፍ ተራ ይውጣ፤ መብራት ቢጠፋም እንዲሠራ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከነሙሉ ጥቅሎቹ ቀድሞ በላፕቶፑ ላይ ይጫን።