«ሎንግሌግስ» ለምን አናደደኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኒኮላስ ኬጅ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ የሚጫወትበትን «ሎንግሌግስ» ሰው ሁሉ ሲያወራለት ሰምቼ አየሁት። መጨረሻው አናደደኝ። ያመለጠኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ምንም አላመለጠሽም። በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ ሐያስያን አወደሱት። አሜሪካ ውስጥ ከሲኒማ ሲወጡ የተጠየቁ ተመልካቾች ግን የሰጡት «ሲ ፕላስ» ነው። አንዱ ጥፋት የማስታወቂያው ይመስለኛል፤ የኬጅን ፊት ደብቆ ጉጉቱን ሰማይ ሰቀለው። ደግሞም ፊልሙ እንደ ወንጀል ምርመራ ይጀምርና ወደ ሰይጣንና አሻንጉሊት ይገባል። ፍንጭ ሲለቅም ለቆየ ሰው ይሄ ያበሽቃል። እኔንም አብሽቆኛል።

አቀራረጹን ግን አትናቂብኝ። መርማሪዋ ማታ ቤቷ ብቻዋን ስትሆን ካሜራው ራቅ ብሎ ይቆማል። ዙሪያዋ ባዶ ነው፤ ዓይንሽ ግን ጨለማው ውስጥ ሰው ይፈልጋል። የልጅነት ትዝታዋ ደግሞ ማዕዘኖቹ ክብ በሆኑ ጠባብ ፍሬም ነው የሚታየው። ዳይሬክተሩ ኦዝ ፐርኪንስ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሳይኮ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ላይ ነፍሰ ገዳዩን ኖርማን ቤትስን የተጫወተው የአንቶኒ ፐርኪንስ ልጅ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል!

ድጋሚ ካየሽው መብራት አጥፊ፤ ታሪኩን ግን ብዙ አትጠይቂው።