በልግ፣ ዘር ገብስና የበቅሎዋ ጀርባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ።

የምኖረው ደሴ ነው፤ እርሻችን ግን በኩታበር በኩል ደጋው ላይ ነው። በልግ ሲገባ ጠዋት 12 ሰዓት በቅሎዋን እጭንና ለአንድ ጥማድ የሚሆን 30 ኪሎ ዘር ገብስ ከኮርቻው ኋላ አስሬ እቀመጥባታለሁ። ማታ በዘሩ ፋንታ ጭድ ይዘን እንመለሳለን። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። በቅሎዋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰጋርና ገራም ነበረች። ዘንድሮ ግን የሆድ ጠፍሩን ሳጠብቅ ልትነክሰኝ ትዞራለች፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፤ ጫንቃዋ ላይም የግማሽ መዳፍ ያህል ገጣባ ወጥቷል። ከኮርቻው ሥር ያለውን ትራስ፣ ድልዳሉን፣ በገጣባው ልክ ቀድጄ ብከፍተው ዙሪያውንም ላጠው። ጎረቤት የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይለኛል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ክፉ አመል አወጣች፣ ትሸጥ» ይላል። ምን ይሻለኛል?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

አብሽሩ፣ በቅሎዋን አይሽጧት። ሲጭኗት የምትናከስ በቅሎ ያመማትን ነው የምትነግርዎት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። እርስዎ 68፣ ዘሩ 30፣ ኮርቻው ከነዕቃው 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 108 ነው። የጭነቷ ልክ ከክብደቷ አንድ አምስተኛ፣ ቢበዛ አንድ አራተኛ ነው፤ በቅሎዋ 250 ኪሎ ትመዝናለች ብንል አንድ አምስተኛው 50 ኪሎ፣ አንድ አራተኛው ደግሞ 62 ተኩል ነው። እርስዎ ብቻዎን እንኳ ከልኩ ያልፋሉ። ስለዚህ ዘርና ሰው አንድ ላይ በፍጹም አይሆንም። ዘር በሚጓዝበት ቀን እየሳቡ ይሂዱ፤ ጆንያውንም ለሁለት ከፍለው በግራና በቀኝ 15፣ 15 ኪሎ ያንጠልጥሉት። ከኮርቻ ኋላ የታሰረ ጆንያ የሚያርፈው ጎድን በሌለበት ወገብ ላይ ነው። ያለ ዘር በሚቀመጡባት ቀንም፣ ብቻዎን ከልኩ ስለሚያልፉ፣ ቢያንስ ቁልቁለቱን ከላይዋ ወርደው በእግር ይጓዙ።

የኮርቻው መንሸራተት ከአፈጣጠሯም ይመጣል። የበቅሎ ጫንቃ እንደ ፈረስ ከፍ ብሎ ኮርቻ አያቆምም፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው በጭራዋ ሥር የሚያልፈው ወዴላ ነው። ወዴላው ከላላ የኮርቻው የፊት ቅስት ጫንቃዋን ይደቁሳል፤ ከጠበቀ ደግሞ የጭራዋን ሥር ይልጣትና ትራገጣለች። በጀርባዋና በወዴላው ጠፍር መካከል መዳፍ በጠርዙ ቢገባ ልኩ ነው። ጭራ ሥር የሚውለውን ክፍል በለስላሳ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በየጊዜው ይጠብ።

ድልዳሉን የቀደዱት በቅን ልቡና እንደሆነ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ነገር ግን ክብደቱ ወደ ቀዳዳው ዳር ይሰበሰብና አዲስ ቁስል ይከፍታል። ድልዳሉን ፈትተው የተጓጎለውን ገለባ አውጥተው እንደገና ይሙሉት፤ መሐሉ በአከርካሪዋ ላይ እንዳያርፍ ቦይ ይተዉለት። ከሥሩ ባና ወይም ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ። የማዳበሪያ ከረጢት ላብ ስለማይመጥና ስለሚያንሸራትት አይሆንም። በልግ ላይ ሌላ ጣጣም አለ፤ ሌሊት በካፊያ የረጠበ ድልዳል ጠዋት ከተጫነ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ በቀላሉም ይላጣል። ማታ ቤት ውስጥ ይሰቀል። የሚረግፈው ፀጉርና ጭቃም ሳይጫን በፊት ይጥረግ።

ሲጭኑ ኮርቻውን ትንሽ ወደፊት አስቀምጠው ፀጉሩ ወደተኛበት ወደኋላ ይሳቡት። ጠፍሩ ከክርኗ አንድ መዳፍ ያህል ወደኋላ ይለፍ። በቅሎ ስትታጠቅ ሆዷን ትነፋለች፤ ስለዚህ ለዘብ አድርገው አስረው 50 እርምጃ ያህል ይሳቧትና እንደገና ያጥብቁ። ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሰው ተቀምጦባት ሳለም በፊተኛው ቅስትና በጫንቃዋ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካልገባ ያ ኮርቻ ለእሷ አይሆንም። ሲያወርዱ ላቡን ይዩ፤ በረጠበው ጀርባ መሐል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ እየተጫናት ነው።

ለገጣባው የተቃጠለ ዘይትም፣ የባትሪ አሲድም፣ የጋለ ብረትም አይንካው። በ1 ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠብ። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ሙቀት ያለው እብጠት ካለ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቁ። ቆዳው ሸፍኖ ፀጉር እስኪያበቅል ኮርቻ አይጫንባት፤ ይህ ሳምንታት ይወስዳል። የዘንድሮውን ዘር በኪራይ አህያ ያድርሱት። እግሯ ወይም ደረቷ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እባጮች ካዩ ግን ያ ሌላ፣ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዕቃዋን ለማንም አያውሱ።

ስለ መኖው አጭር ነገር ልጨምር። በጋውን በጭድ የከረመች በቅሎ በአንድ ጊዜ በበልግ ሣር ብትለቀቅ ሆዷ ይታመማል፤ ጠዋት ጭድ አስቀድመው ይስጧት፣ ግጦሹንም ቀስ በቀስ ያርዝሙት። ዘሩ በመድኃኒት የታሸ ከሆነ ደግሞ ጆንያውን አፏ ከማይደርስበት ያስቀምጡ፤ የተረፈውም ዘር ሆነ ባዶው ጆንያ ለመኖ አይሆንም።