ማድ ቤቱ ለሠርጉ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ጥር 17 ልጃችንን እንድራለን። ከዚያ በፊት የማድ ቤታችንን የውሃና የመብራት መስመር ለመቀየር፣ ግድግዳውን ሴራሚክ ለማልበስና ካቢኔት ለማስገባት አስበናል። ባለሙያው «በ15 ቀን አስረክባለሁ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ሁለት ወርም አይበቃው» ይላል። ማንን ልመን? መቼስ ልጀምር?
የሙሽራዋ እናት

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ባለቤትዎን ይመኑ፤ ባለሙያውንም ግን ውሸታም አይበሉት። እሱ የቆጠረው የራሱ እጅ የሚሠራበትን ቀን ብቻ ነው። ልስኑ የሚደርቅበት፣ አናጺው ዘንድ ወረፋ የሚጠበቅበት፣ ከካቢኔቱ በላይ የሚነጠፈው ግራናይት የሚቆረጥበት ጊዜ በእሱ ሒሳብ ውስጥ የለም። የቀኑ ብዛት ያለው ግን እዚያ ነው።

ገንዘብም ቁጣም የማያስቸኩለው ሲሚንቶ ነው። አዲስ ልስን ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት። ሴራሚክ ከዚያ በኋላ ሊለጠፍበት ይችላል፤ ቀለም የሚቀባው ክፍል ግን ወር ገደማ ይጠብቃል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጥና ይላጣል፤ ያውም እንግዳ ቤት በሞላበት ሰሞን። ቀለም ቀቢው በእጁ ዳሰስ አድርጎ «ደርቋል» ቢልዎት፣ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ያሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው፤ ቀቢውን ጠርተው ያሳዩት።

ካቢኔቱን «ጊዜ ለመቆጠብ» ቀድመው እንዲሠሩልዎት የሚመክርዎት አይጠፋም። አይስሙት። ልስኑና ሴራሚኩ ከየጎኑ ጥቂት ሳንቲሜትር ይበላሉ፤ በባዶው ብሎኬት ልክ የተሠራ ካቢኔት መጥቶ በሩ ላይ ይቀራል። እንጨቱን መምረጥና ዋጋ መስማማት አሁኑኑ ይቻላል፤ ልኩ ግን የሚወሰደው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። የግራናይቱ ልክ ደግሞ የታችኛው ካቢኔት ቆሞ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ። ያን ጊዜ ሲንኩና ምድጃው ቤት ውስጥ መኖር አለባቸው፤ አለበለዚያ ቀዳዳው በግምት ይከፈታል፤ አላግባብ የተቆረጠ ግራናይት ደግሞ አይቀጠልም።

እንግዲህ ከሠርጉ ወደ ኋላ እንቁጠር። ጥቅምት 10 ማፍረስ ከተጀመረ፣ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ወሩን ይጨርሳሉ። ልስንና ሴራሚክ እስከ ኅዳር 15። አናጺው ሦስት ሳምንት ካለዎት አራት ብለው ይያዙ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መጋዙ ይቆማልና። ያ ታኅሣሥ 13 ገደማ ያደርስዎታል። ግራናይቱ ሌላ አምስት ስድስት ቀን ይወስዳል። ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ያን ሰሞን ሠራተኛ አገኛለሁ ብለው አያስቡ። ከገብርኤል እስከ ገና ያለውን ጊዜ ለቀለሙና ለሚፈስ ቧንቧ፣ ለማይዘጋ መሳቢያ ይተዉት። የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ ያቆዩት።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ነገር ልበል፤ በደብዳቤዎ ላይ ስለ ምጣድ ምንም አላነሡምና። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ከማቀዝቀዣውና ከምድጃው ጋር በአንድ መስመር ላይ መጫን ማለት እንጀራው ሳይወጣ መብራቱን ማጥፋት ነው፤ ከዚያም ሲብስ ገመዱ ይግላል። ምጣዱ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይወሰን፣ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የተሳበ ወፈር ያለ ገመድ ሳይቀበር ለሳኙ ማንኪያውን እንዳያነሣ። ከሴራሚክ በኋላ ግድግዳ ማስፈልፈል ከሁሉም የከፋ ወጪ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ጓሮ ውስጥ ጊዜያዊ ማብሰያ ያዘጋጁ፤ ሴራሚኩን ከተመሳሳይ ካርቶን ጥቂት ትርፍ አድርገው ይግዙ።

ማፍረሱ ዘግይቶ ጥቅምት 20 ቢደርስና እስከዚያ ሴራሚኩ፣ ቧንቧውና ሲንኩ ቤትዎ ካልገቡ ግን አሮጌውን ማድ ቤት አይንኩት። ግድግዳውን ቀለም አስቀብተው፣ የምጣዱን መስመር በላዩ ላይ በቱቦ አስስበው ሠርጉን ይለፉ፤ ሙሉውን ሥራ በየካቲት ይጀምሩ። የሠርጉ ወጥ እንደሆነ የሚሠራው ጓሮ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሚዜዎቹም ካቢኔት ሊያዩ አይመጡም።