መሰላሉ የሚከዳው ከእግሩ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሆጤ አካባቢ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ይዘን ነበር። ረዳቴ 3 ሜትር ያህል ወጥቶ ሳለ የአጣናው መሰላል ሸርተት አለና ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ከመሰላሉ ሥር ጆንያ ባነጥፍ ይይዝልኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ልጁን አላህ ያሽረው። ጆንያውን ግን ተወው። ሊሾ ላይ ጆንያው ራሱ ይንሸራተታል።

እስቲ ልጠይቅህ፤ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ ነበር? ብዙዎቻችን ወደ ኋላ እንዳይገለብጠን ስንፈራ እግሩን በጣም እናርቀዋለን። ያኔ ነው የሚሸሸው። መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካው 4 ሜትር ላይ ከሆነ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ። 3 ሜትር ላይ ከሆነ 75 ሳንቲም። ሜትር ካልያዝክ የጫማህን ጫፍ ከመሰላሉ እግር አስጠግተህ ቀጥ ብለህ ቁም። እጅህን በትከሻህ ልክ ስትዘረጋ መዳፍህ መርገጫው ላይ ካረፈ ልኩ እሱ ነው።

የደሴ ጣጣ ተዳፋቱ ነው። ዝቅ ባለው እግር ሥር ብሎኬት እንደረድራለን። እኔም አድርጌዋለሁ። የላይኛው ብሎኬት ተሰነጠቀና ከነባልዲዬ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። ከወገቤ ይልቅ ያመመኝ የቤቱ ባለቤት ሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለውን ጎን በዶማ ቆፍሬ ነው የማስተካክለው። ከእግሮቹም ኋላ ችካል እመታለሁ። አናቱን ደግሞ በገመድ እሰረው። እስክታስረው ድረስ አንድ ሰው ከታች ይያዝልህ።

አጣናውንም አደራ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩም ይላላል። ጠዋት ጠዋት መርገጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅንቃቸው። እኔ አጣናውን ጠረብ አድርጌ መርገጫውን እዚያ አስቀምጥና በሽቦ ጠፍሬ አስረዋለሁ። ሚስማር ብቻውን አይታመንም።

ባልዲ በገመድ ይሳብ፣ በእጅ ተይዞ አይወጣም። ሙሉ ግድግዳ የምትቀባ ከሆነ ግን መሰላሉን ትተህ ርብራብ ሥራ። ወጪውንም ስትዋዋል ዋጋው ውስጥ አስገባው።

አንድ ነገር ቀረ። ልጁን የቀጠርከው አንተ ከሆንክ አሠሪው አንተ ነህ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። የልጁን እጅ የጄሶ ወጪ ማን ከፈለ? እሱን አልጻፍክልኝም።