ፒስኮውን ተይው

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ተራውን ሳይጠብቅ ነው መልስ ያገኘው። የነካሽው ነገር እኔንም ስለሚነካኝ ነው።

በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ትሠሪያለሽ። ማታ ማታ እቤትሽ ኮክቴል ትሠሪያለሽ። አንድ ሳምንት የኩባ፣ አንድ ሳምንት የብራዚል። አሁን ደግሞ ፒስኮ ሳወር የሚባለው የፔሩ ኮክቴል አምሮሽ፣ የሚሠራበትን የወይን አረቄ፣ ፒስኮውን፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ልታስመጪ ነው። ባርቴንደር መሆን ትፈልጊያለሽ። ግን የደሞዝሽ ግማሽ በጠርሙስ እያለቀ ነው። እናትሽም «መጠጥ ቀጂ እንድትሆኚ አላስተማርኩሽም» ብለዋል። ካገር ወጥተሽ ስለማታውቂ የሰው አገር መጠጥ መሥራትም ድፍረት ይመስልሻል።

በመጨረሻው አትጨነቂ። ማይ ታይ የሚባለው የሩም ኮክቴል ስሙ ከታሂቲ ነው፤ መጠጡን እኔ ፈጠርኩት ያለው ቪክተር በርጀሮን ግን የቀመመው በ1944 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ነው።

ዋናው ጉዳይ ጠርሙሱ ነው። መግዛት አቁሚ። «ብዙ አገር ካላወቅኩ ማን ይቀጥረኛል?» ብለሻል። ልክ አይደለሽም።

ሩም፣ ያ የሸንኮራ አገዳ አረቄ፣ አለሽ አይደል? እንግዲያው ዳይኪሪ አለሽ። ዳይኪሪ በምሥራቅ ኩባ፣ ሳንቲያጎ አጠገብ ያለች መንደር ስም ናት። መጠጡ ሩም፣ ሎሚና ስኳር ብቻ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ደግሞ ስኳርና ውሃ እኩል ተደርጎ የተሠራ ሽሮፕ። ሎሚው ትልቁ ቢጫ ሎሚ አይደለም፤ እኛ ገበያ ላይ የሚደረደረው ዓይነት ትንሹ ሎሚ ነው። በዚህ ታድለሻል።

ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ ስህተት መደበቂያ የለውም። ሎሚው ተጨምቆ ካደረ ወዲያው ይታወቃል። ሼከሩን፣ ማለት መጠጡ ከበረዶ ጋር የሚናጥበትን ዕቃ፣ 5 ሴኮንድ ብቻ ከናጥሽው መጠጡ ያቃጥላል፤ በረዶው ገና በቂ ውሃ አልለቀቀማ። 12 ሴኮንድ ያህል አጥብቀሽ ናጪው፣ ይለሰልሳል። እጅሽን ደግሞ በውሃ አለማምጂው። ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሙዪና ቅጂ፣ ለኪ፣ መልሺ። ለጊዜው ከሽሮፕ መድኃኒት ጋር የሚመጣው ምልክት ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃሻል።

አሁን ሒሳቡን አስቢው። ከ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 60 እየለካሽ 12 ዳይኪሪ ይወጣል። በዓይን ግምት 75 ከቀዳሽ 10 ብቻ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የሁለት ሰው መጠጥ ጠፋ ማለት ነው።

እኔ ባር የገባሁት ብርጭቆ ለማጠብ ነው። ሁለት ዓመት አጥቤያለሁ። ከዚያ ቀጂ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ኮስት ኮንትሮል፣ ማለት ወጪ ቁጥጥር ክፍል፣ ገባሁ። የመጠጥ ስም እንደ ዳዊት የሚደግሙ ልጆች አብረውኝ ነበሩ። ወር መጨረሻ ላይ ቆጠራው ሲጎድል ግን ኃላፊያችን የሚፈልገው ለክቶ የሚቀዳውን ልጅ ነበር። አንቺ ደግሞ መለካትም መቁጠርም የተማርሽ ነሽ። ይህ ከአሥር አገር ጠርሙስ ይበልጣል።

ስለዚህ የቀን ሥራሽን ሳትለቂ ቅዳሜና እሁድ እዚያው ሐዋሳ አንድ ሆቴል የባር ረዳት ሆነሽ ግቢ። ብርጭቆ እጠቢ፣ በረዶ ተሸከሚ። ሲፈትኑሽ አገር አትዘርዝሪ። አንድ ዳይኪሪ ሥሪላቸውና የአንዱን ብርጭቆ ወጪ በብር ንገሪያቸው።

እናትሽ ተሳስተዋል። ጠላና ጠጅ ጥለው ልጅ ያስተማሩ እናቶች ባሉበት አገር መጠጥ መቅዳት ውርደት አይደለም። ማታ እንዴት እንደምትገቢ ከሆነ የሚያስፈራቸው ግን እውነታቸውን ነው። ሰርቪስ የማያቀርብ ሆቴል የማታ ፈረቃ ቢሰጥሽ አትቀበይ።

ፒስኮውን ለሚያመጣልሽ ሰው ዛሬውኑ ደውዪለት። በምትኩ በአንድ በኩል 30፣ በሌላው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የብረት መለኪያ ያምጣልሽ።