ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስናሳድግ፦ ለወላጆች ጥያቄ የእናት መልስ

ልጄ ዘንድሮ 16 ዓመት ሞላው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረኝ በ4 ዓመቱ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ በእነዚህ ዓመታት ከልጄም፣ ከባለሙያዎችም፣ ከሌሎች ወላጆችም የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ልጄ 2 ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ አያወራም። አማቴ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ ታገሺ» ይሉኛል።

እህቴ፣ አትጠብቂ። አማትሽ ለክፋት አይደለም፤ እናቴም ይህንኑ ብላኝ 1 ዓመት ተኩል አልፎብኛል። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ። ከዚያ ንግግሩን ብቻ አትዪ። ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል ወይስ እጅሽን ይዞ ይጎትትሻል? ደስ ያለውን ነገር እንድታዪለት ያመጣልሻል? ቤት ውስጥ ሲጫወት በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪም ፊት ልጁ ሌላ ሰው ይሆንብሻል፤ ያን ጊዜ ቪዲዮው ይናገርልሻል።

ምን አጥፍቼ ነው? እርጉዝ ሆኜ ብዙ ተጨንቄ ነበር። ጎረቤቶቼ እርግማን ነው ይላሉ።

ምንም አላጠፋሽም። ድሮ አንዳንድ ሐኪሞች ራሳቸው «የእናት ፍቅር ማጣት ያመጣው ነው» ይሉ ነበር፤ ያ ስህተት መሆኑ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት ነው፤ ትልቁ ድርሻ የዘር ነው። ክትባትም አያመጣውም። ያንን ወሬ ያስነሳውን የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት፣ ላንሴት፣ ራሱ በ2010 ሰርዞታል።

ጠበል ልውሰደው?

እኔም ወስጄዋለሁ፤ አልቆጨኝም። እምነትሽን ማንም አይንጠቅሽ። ግን ልጅሽ እንዲታሰር ወይም እንዲመታ አትፍቀጂ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ መድኃኒት ከጀመረ «ጠበል ላይ ነው» ብለሽ በፍጹም እንዳታቋርጪበት።

(ከአንድ አባት) ታክሲ ውስጥ ይጮሃል፣ ራሱን ይመታል። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ አፍራለሁ። ቤት ማስቀረት ይሻላል?

ወንድሜ፣ አንድ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ጭንቅላቱን ከመስኮቱ ጋር እያጋጨ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ «ምነው ብትቀጪው!» አሉኝ። እያለቀስኩ ወረድኩ። እንደዚያ የሚያደርገው ግን ረዳቱ በሩን ዘግቶ ጣሪያውን በመዳፉ በመታ ቁጥር እንደነበር የገባኝ ማታ ነው። እኛ ልብ የማንለው ድምፅ እሱን ያመዋል። አሁን የጆሮ መከለያ ይዘን እንወጣለን፣ የመጀመሪያውን ወንበር እንይዛለን፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት እንሳፈራለን። የጠየቀኝን ሰው «ኦቲዝም አለበት፣ ድምፅ ያስጨንቀዋል» እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው ቦታ ይለቅልናል። ልጅህን አትደብቀው። ቤት የቀረ ልጅ መንገድ አይለምድም፣ ሰፈሩም እሱን አይለምድም።

በሥዕል ካርድ ካስለመድኩት ጭራሽ ላያወራ ነው?

አይደለም፤ ካርድ ንግግርን አያስቀርም፤ አንዳንዶቹን እንዲያውም ያግዛቸዋል። ልጄ 6 ዓመቱ ላይ ሲጠማው መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። የብርጭቆ ሥዕል ሠርቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩለት። ለ3 ሳምንት ያህል እጁን ይዤ ካርዱን አስነቅለው፣ ወዲያው ውሃ እሰጠው ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ቀሚሴን ጎተተኝ። ዞር ስል ካርዱን ይዞ ቆሟል። እስከዚያ ቀን ድረስ የምጸልየው እንደ እህቱ ልጅ እንዲሆንልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጸልየው የሚለኝን እንድሰማው ነው።

ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩት ተባልን።

አማርኛችሁን አትተዉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጆችን እንደማይጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። አያቱ በምን ያጫውቱት? ደግሞም ልጃችሁ 3 ዓመት ካለፈው የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በነፃ ገምግሞ፣ የሚገባው ከሆነ አገልግሎት እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ልሂድ?

ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። የመሠረቱት ነፍሳቸውን ይማርና ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፣ እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ ጀምሩ።

እኔ ስሞትስ ማን አለው?

ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ የተኛሁበት ሌሊት ጥቂት ነው። ሙሉ መልስ የለኝም። ሸሚዙን መቆለፍ ለመልመድ 2 ዓመት ፈጀበት፤ አሁን ራሱ ይቆልፋል። እንጀራ ያለ ወጥ እንደሚበላ የአክስቱ ልጆች ያውቃሉ። አንድ ደብተር ጀምሬያለሁ፦ ምን ያስፈራዋል፣ ሲታመም እንዴት ይታወቃል፣ ማታ ምን ያስተኛዋል። ከእኔ በኋላ ለሚይዘው ሰው ነው። እህቱ እየመጣች የጎደለውን ትጨምርበታለች።