ኤል ሶፋው ይገባል ወይስ አይገባም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ አራተኛ ፎቅ ነን። ሳሎኗ ጠበብ ትላለች። ባለቤቴ ኤል ሶፋ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ረከቦቴን የምዘረጋበት ቦታ ይቅርልኝ ነው የምለው። ጭቅጭቁ ሲበዛ በቃ በኮምፒውተር ሠርተን እንየው ተባባልን። አንድ ጓደኛችን አውቶካድ ጫነልን፤ ስንከፍተው ግን ምኑም አልገባንም። ላፕቶፓችን አሮጌ ነው። ዋይፋይ የለንም፣ በዳታ ነው የምንጠቀመው። የትኛው ፕሮግራም ይሻለናል?

መልስ፦ አውቶካዱን ለመሐንዲሶቹ ተዉላቸው። እሱን እስክትለምዱ ሶፋው ተሠርቶ፣ ተቀምጣችሁበት፣ ጨርቁም ያልቃል። ስኬችአፕ የሚባለው ፕሮግራም ቀለል ይላል፣ ግን ነፃው የሚሠራው በብራውዘር፣ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ዳታችሁን ይበላዋል። ፕላነር ፋይቭ ዲ የሚባለው ስልክ ላይም ይሠራል፣ ምስሉም ያምራል። ችግሩ ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ የተቆለፉ ናቸው፤ ዓይናችሁ ያረፈበትን ስትነኩት ክፈሉ ይላችኋል።

እኔ የምመርጥላችሁ ስዊት ሆም ስሪ ዲ ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነፃ ፕሮግራም ነው። አንዴ አውርዳችሁ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሄዳል። መልኩ የድሮ ይመስላል፣ ግድ የለም። ከላይ ፕላኑን ስትስሉ ከታች ቤቱ በምስል ይቆማል፣ በቃ ይኸው ነው፤ ለሁለት ሰው ክርክር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ግን ፕሮግራሙ የሚያውቀው የነገራችሁትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ያዙ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በልስን የተስተካከለ ስለሆነ አንዱ ጫፍና ሌላው ጫፍ አንድ ላይሆን ይችላል። ሦስት ቦታ ለኩና ትንሹን ውሰዱ፤ ሶፋ የሚቆመው ወለሉ አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ከዞኮሎ (ግድግዳው ሥር ካለው ጠርዝ) እስከ ዞኮሎ ለኩ። ኤል ሶፋ ጥግ ላይ ስለሚገባ ጥጉንም ፈትሹት፦ ከጥጉ ተነስታችሁ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ሳንቲ ላይ ምልክት አድርጉ። ከምልክት እስከ ምልክት ልክ 1 ሜትር ካልመጣ ጥጉ ጠማማ ነው፣ ሶፋውም ከኋላው ክፍተት ይተዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር። ፕሮግራሙ ላይ የምትስሉት መስመር በግድግዳው መሃል ነው የሚያልፈው፣ በውስጠኛው ፊት አይደለም። ውስጡ 3 ሜትር ከ60 የሆነ ክፍል 360 ብላችሁ ብትስሉና ግድግዳዎቹ 20 ሳንቲ ውፍረት ቢኖራቸው፣ ስክሪኑ ላይ የቀራችሁ ውስጥ 3 ሜትር ከ40 ነው። ያቺ 20 ሳንቲ ናት አንዳንዴ ትዳር የምታናጋው! ስለዚህ ውፍረቱን ደምራችሁ 380 አድርጉት። እየሳላችሁ ኢንተር ብትጫኑ ቁጥሩን መጻፍ ትችላላችሁ፣ በማውስ መንቀጥቀጥ የለም።

ዕቃዎቹን ከካታሎጉ እንዳሉ አትውሰዱ። የኛ ሶፋ ክንዱ ወፍራም ነው፣ መደገፊያውም እንደዚያው። እንጨት ሥራ ቤቱ ሄዳችሁ ወርዱን፣ ጥልቀቱን፣ ከፍታውን ለኩና ዕቃውን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ቁጥሩን ቀይሩት። ረከቦት ካታሎጉ ውስጥ የለም፤ ከትናንሾቹ ጠረጴዛዎች አንዱን ውሰጂና ስሙን ረከቦት በዪው። ለአንቺ በርጩማና ለከሰሉ ጭምር 1 ሜትር በ1 ሜትር ያዢ፣ እንዳታሳንሺው። መተላለፊያ ከ60 ሳንቲ በታች ከወረደ ሰው በጎኑ መሄድ ይጀምራል፤ ከበረንዳው በር እስከ ኩሽና ያለው መንገድ 80 ቢሆን ጥሩ ነው። በሮቹንም ስትከቱ የሚከፈቱበትን ቅስት ያሳያችኋል፣ ሶፋው ቅስቱን ከነካው በሩ አይከፈትም ማለት ነው።

እንግዲህ የማንም ፕሮግራም የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ ደረጃችሁን። አራተኛ ፎቅ ናችሁ፣ ሊፍት የለም። የደረጃውን መታጠፊያና የመግቢያ በሩን ለኩ፣ ከዚያ ለባለሙያው ኤሉን ሁለት ቦታ የሚፈታ አድርገህ ሥራልን በሉት። ፕላኑን ከነልኬቱ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አትማችሁ ስጡት፣ በአፍ ብቻ አትንገሩት።

ባለቤትሽ ያሸንፋል ብዬ ግን አልገምትም። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ባለ ሁለት መቀመጫ ሶፋና አንድ ወዲያ ወዲህ የሚል ወንበር ነው የሚሻለው ባይ ነኝ። ለማንኛውም ሁለቱንም ሠርታችሁ በየስሙ አስቀምጧቸውና ጎን ለጎን እዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ቦታ አለችኝ። እኔም በዚሁ ዓይነት ፕሮግራም ቤቴን ራሴ ነድፌ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ? ጡረታ ስለወጣሁ ጊዜ አለኝ።

መልስ፦ አይሆንም ጋሼ። ለፈቃድ የሚቀርበውን ፕላን በአብዛኛው የተመዘገበ ባለሙያ ሠርቶ መፈረም አለበት፤ ኮለኑን፣ ብረቱን፣ መሠረቱን ይህ ፕሮግራም አያሰላም። ግን ሥራዎ በከንቱ አይቀርም። ሳሎኑ ወዴት ይዙር፣ ኩሽናው ከግቢው ጋር እንዴት ይገናኝ፣ ሰርቪሱ የት ይሁን የሚለውን ፕሮግራሙ ላይ ሠርተው ይዘውለት ቢሄዱ አርክቴክቱ የሚፈልጉትን ቶሎ ይረዳል፣ ምልልሱም ያጥራል።